የደብር ደንና በዙሪያው ያለው ገጠር

በደቡብ ጎንደር ደጋና ወይና ደጋ የሚጓዝ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያየው አገር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። በስተቀኝም በስተግራም የታረሰ መሬት፣ የጤፍ፣ የገብስና የባቄላ ማሳ፣ ከብት የተሰማራበት መስክ፣ በየመንደሩ ዳር ደግሞ ተደርድሮ የቆመ ባሕር ዛፍ ይታያል። ከዚህ ሁሉ መካከል ግን አለፍ አለፍ ብሎ፣ በየኮረብታው ራስ ላይ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ደን ክብ ሠርቶ ተቀምጦ ዓይንን ይስባል። መንገደኛው ያን ሲያይ እዚያ ደብር መኖሩን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በቅጠል ተሸፍኖ ባይታይ እንኳ ዛፎቹ ራሳቸው ምልክት ናቸው።

ወደ ደኑ የሚገባ ሰው ልዩነቱን አስቀድሞ የሚረዳው በገላው ነው። በማሳው ላይ ሲያቃጥለው የቆየው ፀሐይ በቅጠል ተጣርቶ ይወርድለታል፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በእግሩ ሥር የነበረው ደረቅ ዐፈር በረገፈ ቅጠል ተሸፍኖ ይለሰልሳል። በአንዳንዱ ደን ውስጥ ጉሬዛ ረጅም ነጭ ጅራቱን አንጠልጥሎ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል። ከዛፎቹ ሥር ከተቀለሰች ጎጆ የቆሎ ተማሪ ዜማ ይሰማል። ከዚህ በቀር ያለው ጸጥታ ነው።

ይህ ጸጥታ ሲታይ ሰው ያልደረሰበትና ለራሱ የተተወ ይመስላል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ደን ከሁሉም አቅጣጫ በእርሻ ተከቦ ለብዙ ትውልድ ሊቆይ የቻለው ጠባቂ ስላገኘ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ጸጥታው ሁልጊዜ የጤንነት ምልክት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የደብር ደን ምን እንደሚይዝ፣ ለአካባቢው ምን እንደሚጠቅም፣ በምን ሥርዓት ተጠብቆ እንደ ኖረና በአሁኑ ዘመን ምን እንደሚያሠጋው ማስረዳት ነው።

በደቡብ ጎንደር ዞን ከ1,400 በላይ አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ። ብዙዎቹም በዙሪያቸው ትንሽም ሆነ ትልቅ ደን አላቸው። የአንዳንዱ ደን ስፋት 2 ሄክታር እንኳ አይሞላም፤ እጅግ ሰፊ የሚባለው ደግሞ ወደ 100 ሄክታር ይደርሳል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚሁ ዞን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኙ 28 የደብር ደኖች ውስጥ ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፎችን፣ ቍጥቋጦዎችንና ሐረጎችን መዝግበዋል። በአካባቢው ማሳዎች በአንድ ጊዜ የሚበቅለው አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ሰብል ብቻ መሆኑ ሲታሰብ፣ በእነዚህ ጥቂት ቦታዎች ይህን ያህል ልዩ ልዩ ዕፅ ተሰብስቦ መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው። በአካባቢው ከሌላ ቦታ ጨርሰው የጠፉና በደብር ቅጽር ውስጥ ብቻ የቀሩ አገር በቀል ዛፎችም አሉ።

የደኑ አቋም በየደረጃው የተከፈለ ነው። ከሁሉ በላይ ከፍ ብለው የሚታዩት እንደ ዝግባ፣ ጥድና ጥቁር እንጨት ያሉት ረጃጅም ዛፎች ናቸው። ከእነርሱ ዝቅ ብለው ወይራና ብሳና ይበቅላሉ። ከዚያ በታች እንደ አጋም፣ ቀጋና ኮሽም ያሉ እሾኻም ቍጥቋጦዎች ይገኛሉ። ሐረግ ደግሞ ከመሬት ተነሥቶ በግንዱ ላይ እየተጠማዘዘ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል። ከፍ ባለው ደጋ ኮሶ፣ ዝቅ ባለው ወይና ደጋ ደግሞ ዋንዛና ሾላ ይበዛሉ። በመጨረሻም ከሁሉ በታች፣ በረገፈው ቅጠል መካከል፣ ገና ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ያወጣ ቡቃያ ይታያል፤ ወይም መታየት ይገባው ነበር። ስለዚህ ቡቃያ ጉዳይ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከእነዚህ ዛፎች እያንዳንዱ በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ የታወቀ ቦታ አለው። ጥድ ምስጥን ስለሚቋቋም ለቤት ሥራ ይመረጣል። ከወይራ መቋሚያ ይሠራል፤ ጭሱም የወተት ዕቃ ለማጠን ያገለግላል። የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ ከበሮ፣ ተሰንጥቆ በርና ወንበር ይሆናል፤ አበባውን ደግሞ ንብ ይቀስመዋል። የኮሶ አበባ የኮሶ ትልን ለማስወጣት ሲጠጣ የኖረ መድኃኒት ነው። የጥቁር እንጨት ቅርፊት የወንዶችን የፕሮስቴት እጢ ሕመም ለማስታገሥ ለሚውል መድኃኒት በዓለም ገበያ ስለሚፈለግ፣ በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ዛፉ ከመጠን በላይ ተልጦ ተጎድቷል፤ በዚህም ምክንያት ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቍጥጥር ሥር ሆኗል።

የደኑ ጥቅም በቅጽሩ ውስጥ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። በተራቆተ ተዳፋት ላይ የሚወርድ የክረምት ዝናብ ዐፈሩን በኀይል እየመታ ያላላዋል፤ ከዚያም ጎርፍ ሆኖ ለሙን ዐፈር ጠርጎ ወደ ወንዝ ይወስዳል። በደን ላይ የሚወርደው ዝናብ ግን መጀመሪያ በቅጠል ላይ ያርፋል፤ ከቅጠል ወደ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ግንድ እየተንጠባጠበ ቀስ ብሎ መሬት ይደርሳል። በዚያም የበሰበሰው ቅጠል እንደ ሰፍነግ መጥጦ ይይዘዋል፤ ሥሮቹ በከፈቱለት ቀዳዳም ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በብዙ ደብሮች አጠገብ ጸበል ወይም ምንጭ የሚገኝ ሲሆን፣ የመንደሩ ሴቶችም እንስራቸውን ይዘው ወደዚያ ይወርዳሉ። በኮረብታው ራስ ላይ ያለው ደን በኮረብታው ግርጌ ያለውን ማሳ ከጎርፍ ይጠብቃል ማለት ነው።

ከውሃና ከዐፈር ሌላ፣ ደኑ የንቦችና የአዕዋፍ መኖሪያ ነው። ንብ በደኑ ውስጥ አድራ በማሳው ላይ ትውላለች፤ አበባ እየቀሰመች ስትዘዋወርም የባቄላውንና የኑጉን አበባ ታዳቅላለች። ወፎች የወይራና የጥድ ፍሬ በልተው ዘሩን ርቀው ይጥላሉ። በሌላ በኩል ግን ደኑ ለገበሬው ትርፍ ብቻ ያመጣለታል ማለት አይደለም። ጦጣና ዝንጀሮ ከደኑ ወጥተው እሸት ይበላሉ፤ በዚህም ምክንያት በደን አጠገብ የሚያርስ ሰው ልጆቹን ለጥበቃ ያሰማራል። ደኑን የማቆየት ሸክም ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በጎረቤቱ ላይ መሆኑን ሳያነሡ ማለፍ ተገቢ አይሆንም።

እንግዲህ ይህ ደን እስከ ዛሬ እንዴት ተጠበቀ? የመጀመሪያው ምክንያት እምነት ነው። በምእመናኑ ዘንድ የደብሩ ዛፎች የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ሆነው ይታያሉ፤ ዛፍ የሌለው ደብር እንደ ተራቆተ ይቈጠራል። በደኑ ውስጥ የሚኖሩት ፍጥረታትም በተቀደሰ ቦታ የተጠለሉ ናቸው ተብሎ ስለሚታመን፣ በዚያ ማደንና ያለ ፈቃድ እንጨት መቍረጥ እንደ ነውር ይታያል። ሁለተኛው ምክንያት ሥርዓት ነው። ከደኑ የሚገኘው እንጨት በካህናቱና በሽማግሌዎች ፈቃድ ለደብሩ አገልግሎት ይውላል እንጂ የፈለገ ሁሉ እየገባ አይወስደውም። ሦስተኛው ምክንያት ሰው በቦታው መኖሩ ነው። መነኮሳት፣ ካህናትና የአብነት ተማሪዎች በደኑ ውስጥ ወይም በዳሩ ስለሚኖሩ መጥረቢያ ይዞ የሚገባ ሰው ሳይታይ አይቀርም።

እንዲህ ያለ ሥርዓት ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ በሚገኘው በዘጌ፣ እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉ የታወቁ አብያተ ክርስቲያናት በደን ተከበው ይገኛሉ። በአካባቢው በኖረው ልማድ መሠረት መሬቱን በሞፈር ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ነበር። ስለዚህ ነዋሪው ዛፉን መንጥሮ እህል ከመዝራት ይልቅ፣ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ እየተከለ ኑሮውን መሠረተ። ሌላው ምሳሌ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። እንደሚነገረው ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ከሚገኘው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው የተራቆተውን ተራራ አስተክለዋል። ከዚህም የምንረዳው ደንን መጠበቅም ሆነ መትከል በአገራችን አዲስ ሐሳብ አለመሆኑን ነው።

በደብሮቹ ዙሪያ ያለው ገጠር ግን ባለበት አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1938 ጣሊያኖች ከአውሮፕላን ካነሧቸው ፎቶግራፎች ጋር የቅርብ ጊዜ ምስሎችን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች፣ ብዙዎቹ የደብር ደኖች ድንበራቸውን እንደ ያዙ መቆየታቸውን ተረድተዋል። ከደኑ ውጭ ይገኝ የነበረው ቍጥቋጦና ዛፍ የተበተነበት መስክ ግን ወደ እርሻነት ተለውጧል። የሕዝቡ ቍጥር ሲጨምር ተጨማሪ ማሳና ማገዶ አስፈለገ። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ሰፋፊ መሬቷን አጣች፤ በቅጽሩ ዙሪያ ያለው ደን ግን በብዙ ቦታ በደብሩ እጅ ቀረ። ቀድሞ በደኑና በማሳው መካከል እንደ መሸጋገሪያ ሆኖ ያገለግል የነበረው ቍጥቋጦ ሲመነጠር፣ ደኑ በእርሻ ባሕር መካከል እንደ ቆመ ደሴት ሆነ።

የደሴት ኑሮ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ደን ትንሽ በሆነ መጠን ዳሩ ከመካከሉ ይበልጣል። በዳር ያሉት ዛፎች ከማሳው የሚነሣው ሞቃት ነፋስ ያደርቃቸዋል፤ ፀሐይም ከጎን ገብታ የመሬቱን እርጥበት ትወስዳለች። በቅጽሩ ውስጥ መቃብርና አዳዲስ ቤቶች በተጨመሩ ቍጥር ደኑ ከውስጥ በኩል ይሳሳል። በአንዳንድ ቦታም ገቢ ለማግኘት ሲባል በአገር በቀሎቹ ዛፎች ቦታ ባሕር ዛፍ ተተክሏል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ችግር ግን ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው የሚታይ አይደለም። ከላይ ሲመለከቱት ደኑ ያማረ ነው፤ ትልልቆቹ ዛፎች እንደ ቆሙ ናቸው፤ ጸጥታውም አልተለወጠም። ወደ ታች ሲመለከቱ ግን በብዙ ደኖች ውስጥ ከዛፎቹ ሥር ቡቃያ የለም፤ ያለውም ጥቂት ነው። በበጋ መኖ ሲያልቅ ከብትና ፍየል ወደ ደኑ ይገባሉ፤ የበቀለውን ለጋ ቅጠል ይግጣሉ፤ ያልበቀለውንም ዘር በኮቴያቸው ረግጠው መሬቱን ያጠነክሩበታል። እንዲህ ያለው ደን አዛውንት ብቻ የቀሩበትን፣ ሕፃን የማይወለድበትን መንደር ይመስላል። ለጊዜው ቤቱ ሁሉ ሰው አለበት፤ ነገር ግን አንዱ ሽማግሌ ሲሞት የሚተካው የለም።

ምናልባት ዘሩ በዐፈር ውስጥ ተቀምጦ ምቹ ጊዜ ይጠብቅ ይሆናል ብለን እንድናስብ እንገደድ ይሆናል። ዶክተር ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ለማወቅ ከደብር ደኖች ዐፈር ወስደው በውስጡ ያለውን ዘር መርምረዋል። ያገኙት ውጤት ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። በዐፈሩ ውስጥ ተቀብሮ የተገኘው ዘር በአብዛኛው የሣርና የአረም ሲሆን፣ የብዙዎቹ ዛፎች ዘር ግን በዐፈር ውስጥ ረጅም ጊዜ አይቆይም። እናት ዛፉ ከወደቀ ዘሩም አብሮ ይጠፋል ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ከዚህ አልፈው በደኑ ውስጥ አንዳንዱን ቦታ አጥረው፣ አንዳንዱን ክፍት ትተው፣ የጥድ፣ የወይራ፣ የሎልና የጥቁር እንጨት ቡቃያ በሁለቱም ቦታ እንዴት እንደሚሆን ተከታተሉ። ከብት በሚገባበት ቦታ ቡቃያው በእጅጉ ሲጎዳ፣ በታጠረው ቦታ ግን የተሻለ በቀለ፤ የተሻለም አደገ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ደኑን ከመጥረቢያ ብቻ ሳይሆን ከአፍና ከኮቴም መጠበቅ ያስፈልጋል።

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። ስለ እንግሊዝ አገር ገጠር የሚጻፉ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ በማሳና በመስክ መካከል የሚገኘውን ትንሽ ጸጥተኛ ደን ያወድሳሉ። በዚያ ኦክ፣ አሽና ሄዝል የተባሉ ዛፎች ይበቅላሉ፤ በሚያዝያና በግንቦት ወር፣ የዛፎቹ ቅጠል ጥላውን ገና ሳይጨርስ፣ መሬቱ በሰማያዊ አበባ ይሸፈናል። በዚያ አገር ከ1600 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጀምሮ ሳይቋረጥ በደንነት የኖረ መሬት «ጥንታዊ ደን» የሚል ስም ይሰጠዋል። ያም ደን ቢሆን የቆየው በሰው ድካም ነው። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ ገበሬዎች ሄዝሉንና አሹን ከሥሩ አጠገብ እየቈረጡ፣ ጉቶው እንደገና እንዲያቈጠቍጥ ያደርጉ ነበር። አዲሱን ቀንበጥ ከብት እንዳይበላውም በደኑ ዙሪያ ቦይ ቈፍረው፣ ዐፈሩን ቈልለው ግድብ ይሠሩ ነበር። የእነዚህ ቦዮችና ግድቦች ፍርስራሽ በብዙ የእንግሊዝ ደኖች ዳር እስከ ዛሬ ይታያል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ብዙዎቹ ጥንታዊ ደኖች ለእርሻ ተመነጠሩ፤ ወይም ቶሎ በሚያድጉ የውጭ ዛፎች ተተኩ። የጠፋውን ለመመለስ ዛፍ መትከል ቢቻልም፣ በብዙ መቶ ዓመት የተከማቸውን ዐፈርና በውስጡ ያለውን ሕይወት በአጭር ጊዜ መመለስ እንደማይቻል የተማሩት ከጥፋቱ በኋላ ነው።

በደቡብ ጎንደር የተወሰደው መፍትሔ ከዚህ ጥንታዊ ብልሃት ጋር ይመሳሰላል። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከዶክተር ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው፣ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር በመመካከር በደብር ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ገበሬዎቹ ከየማሳቸው ለቅመው ያመጡታል፤ በሲሚንቶ ሳይሆን በባህላዊው መንገድ አንዱን በአንዱ ላይ እያነባበሩ ይክቡታል። በዚህም በአንድ ሥራ ሁለት ጥቅም ይገኛል። ማሳው ከድንጋይ ስለሚጸዳ ለማረሻ ይመቻል፤ ደኑም ድንበሩ ታውቆ ከከብት ይጠበቃል። በካቡ ላይ በር ስለሚተውለት ለጸሎትም ሆነ ለትምህርት የሚመጣ ሰው እንደ ልማዱ ይገባል።

ይሁን እንጂ ካብ ብቻውን ደን አያድንም። ከብቱ ከደኑ ሲከለከል ሌላ መኖ ማግኘት አለበት፤ አለዚያ ችግሩ ከቅጽሩ ወደ ገበሬው ደጅ ይዛወራል። መንደሩም ማገዶ ያስፈልገዋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ በዚህ ረገድ ጥቅም አለው፤ ከደኑ ውጭ በተገቢው ቦታ ቢተከል የማገዶውን ጫና ሊያቃልል ይችላል። በደኑ ውስጥ ሲተከል ግን ለአገር በቀሎቹ ቡቃያዎች የሚሆነውን ውሃና ብርሃን ይሻማል። ከዚህም በላይ በየኮረብታው ተነጥለው የቆሙት ደኖች በወንዝ ዳርና በማሳ ድንበር ላይ በሚተከሉ ዛፎች ቢገናኙ፣ ወፎችና ንቦች ከአንዱ ወደ ሌላው ዘርና የአበባ ዱቄት ለማድረስ መንገድ ያገኛሉ።

በአጠቃላይ የደብር ደን የሚያስተምረን ነገር ቢኖር፣ ጸጥታ ያለ ሥራ የማይገኝ መሆኑን ነው። አባቶች በእምነትና በሥርዓት መጥረቢያውን ከለከሉ፤ በዚህም ትልልቆቹ ዛፎች ለእኛ ደረሱ። የዚህ ትውልድ ድርሻ ደግሞ ትንንሾቹን ማሳደግ ነው። ስለሆነም አንድ ተማሪ በሚኖርበት አካባቢ ወደሚገኝ ደን ቢሄድ፣ ቀና ብሎ የዛፎቹን ቁመት ካደነቀ በኋላ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ይመልከት። በወደቀው ቅጠል መካከል የጣት ቁመት ያህል የሆነች የዝግባ ወይም የወይራ ቡቃያ ካገኘ ያ ደን ወራሽ አለው። ካላገኘ ግን፣ ምንም እንኳ ጥላው ቢቀዘቅዝ፣ ወፎቹም ቢያዜሙ፣ ደኑ ርዳታ እየጠየቀ መሆኑን ይወቅ።